ስለ እንዶድ አበቃቀልና አተካከል ታሪክ

በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ታሪክ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን ስሟ የታወቀ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ሲቃጠሉ የቅዱስ ያሬድ ድጓ ተጠብቆ የተገኘው በዚህ ደብር ነው። ስለዚህም ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ተማሪ ድጓውን ተምሮና በገዛ እጁ ጽፎ፥ ዜማውንና ምልክቱን ከቤተ ልሔም መምህር ፊት አመሳክሮ ካልተመሰከረለት በቀር መምህርነቱ የጸና አይባልም ነበር። ዙር አባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት፥ ጎንደርም ለአቋቋም እንደ ሆኑ፥ ቤተ ልሔም ለድጓ ናት።

ይህ ትምህርት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለ ሆነ የተማሪው ኑሮ ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ በሣር ጎጆ አድሮ የሚያልፍ ነው። ዳሩ ግን በበዓል ቀን ወደ ማሕሌት ሲገባ የሚያጣፋው ነጠላ ነጭ መሆን ይገባዋል። ሳሙና ባልታወቀበት፥ ወይም ታውቆ ለድኻ በማይገዛበት ዘመን ይህን ንጣት የሰጠው ከአጥር ዳር የሚለቀም ተክል ነበር፤ ስሙም እንዶድ ነው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ እንዲሁም በቀረው ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፥ የበዓል ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ልብስ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው የእንዶድ ዱቄት ቋጥሮ ይወርድ ነበር።

ስለ እንዶድ በየጊዜው የተጻፈው ብዙው ነገር በ1964 በዐድዋ የተገኘውን ዕውቀት የሚመለከት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ የተክሉን ዕጣ ከግኝቱ ይልቅ የወሰነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ማንም ሰው ተክሎት የማያውቀውን ዕፅ እንዴት ተክሎ ማራባት ይቻላል የሚለው ነው።

እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፥ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። የዕፀዋት ሊቃውንት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ ባወጣለት ስም ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይሉታል፤ ሁለተኛው ቃል ከግሪክ የመጣ ሆኖ በአበባው ውስጥ ያሉትን ዐሥራ ሁለት ወንዴ ዘንጎች ያመለክታል። ተክሉ ሲጀምር እንደ ቍጥቋጦ ሆኖ፥ ድጋፍ ሲያገኝ እንደ ሐረግ በዛፍና በአጥር ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አበባው ትንንሽ፥ ነጣ ያለ፥ በረጅም ዘለላ የተሰካ ነው። ፍሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ በለጋነቱ አረንጓዴ፥ ሲበስል ቀይ ይሆናል። ለልብስ ማጠቢያ የሚለቀመው ግን ገና ሳይቀላ ነው፤ በፀሐይ ይደርቃል፥ በሙቀጫ ይወቀጣል፥ በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥም ነጭ አረፋ ያወጣል። ጥጉን ያነጣል፥ የጥለቱን ቀለም ግን አያደበዝዝም እየተባለ ይመሰገናል።

ከማጠቢያነቱ ሌላ ሥሩ፥ ቅጠሉና ፍሬው በባህል ሕክምና ውስጥ ቦታ ነበራቸው። ሥሩ ለሆድ ማጠቢያና ፅንስ ለማስወረድ፥ ቅጠሉ ለቈዳ በሽታ፥ ፍሬው ለሆድ ትልና ለአልቅት ይውል ነበር። መጠኑን ያላወቀ ሰው የሚሞትበት ጽኑ መርዝ በመሆኑም መድኃኒት ዐዋቂዎች በፍርሃት ይይዙት ነበር። እንግዲህ አንዱ ዕፅ ለሁሉ ሰው ማጠቢያ፥ ለጥቂቶች መድኃኒት፥ ለስሕተተኛ ደግሞ መርዝ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። በደጋው ቤተ ሰብ ጓሮ ጤና አዳም፥ ዳማ ከሴና በሶ ብላ በሴቶች እጅ ይተከላሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፥ ጎረቤትም ችግኛቸውን ይለምናል። እንዶድ ግን ይህን ያህል ለሁሉ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ጓሮ አልገባም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በስሎ የቀላውን ፍሬ ወፎች ይበሉታል፤ ከዚያም በአጥርና በዛፍ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ይጥሉታል። ስለዚህ ተክሉ ሰው ሳይዘራው ሰው ከሚኖርበት አጠገብ በየአጥሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይበቅላል። ባለቤት የሌለው በመሆኑም የፈለገው ሁሉ ይለቅመዋል። በነጻ የሚገኝን ነገር ለመትከል የሚደክም ሰው አልነበረም፤ አንዱ ቤተ ሰብ ወይም አንዱ ደብር ለሚያስፈልገው ያህል የወፎቹ ዘር ይበቃ ነበር።

ይህን ሚዛን የለወጠው የዐድዋው ነገር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ቦታ ከፍ ብለው የነበሩት ግን በሕይወት ነበሩ። የቢልሃርዝያ ትል ዕድገቱን ሳይፈጽም ወደ ሰው ስለማይገባ፥ ዕድገቱንም የሚፈጽመው በቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይቈርጣል። በጊዜው ለዚህ ሥራ የሚውለው ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚገዛ መድኃኒት ነበር። ሴቶቹ ለልብሳቸው የያዙት ዱቄት ያንኑ ሥራ ሳያስቡት ሲሠራ መገኘቱ ለድኻ አገር ታላቅ ተስፋ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ይህም ተቋም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ፈተና የእንዶድ ዱቄት በወንዞቹ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ይጨመር ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ በትንንሽ ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ነገር ግን አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ልብስ ለማጠብ ጭብጥ የሚበቃ ሲሆን፥ ወንዝን ለማከም ግን በየዓመቱ ብዙ ኩንታል ፍሬ ያስፈልጋል። የወፎች ዘር ለዚህ አይበቃም። እንዶድ በመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጤፍና እንደ ጌሾ በእርሻ ሊበቅል የሚገባው ተክል ሆነ።

ይህ በተጀመረ ጊዜ የተክሉ ጠባይ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። እንዶድ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ የሚበቅል ነው። እንዲህ ያለው ጠባይ ለገበሬ አዲስ አይደለም፤ የኮሶ ዛፍም ወንዴና ሴቴ አለው፥ ለመድኃኒትም የሴቴው ቀይ አበባ እንደሚመረጥ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ነገር ግን የእንዶድን ዘር የዘራ ሰው ከበቀለው ውስጥ ከፊሉ ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ ይሆንበታል፤ ይህንንም የሚያውቀው ተክሉ አድጎ ሲያብብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ችግር መልካም ከሆነች እናት የተለቀመ ዘር ሁልጊዜ እናቱን አለመምሰሉ ነው፤ የአንዱ ፍሬ ብርቱ፥ የሌላው ደካማ ይሆናል። ሦስተኛም፥ ኀይሉ የሚበረታው ፍሬው ሳይቀላ ሲሆን ለዘር የሚሆነው ግን የቀላው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዘለላ መድኃኒትንም ዘርንም በአንድነት መልቀም አይቻልም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለጉት የዶክተር አክሊሉ የሥራ ባልደረባ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከ1976 ጀምሮ እስከ 1981 ድረስ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አውራጃዎች የተሰበሰቡ 65 ዐይነት እንዶዶችን በአንድ ቦታ እያስተከሉ የፍሬያቸውን ብዛት፥ የመርዛቸውን ብርታት፥ ድርቅንና ግንድ ቦርቧሪ ትልን የመቋቋም ኀይላቸውን አመዛዘኑ። ከነዚህ ሁሉ ብልጫ ያገኘው በቍጥሩ 44ኛ ተብሎ የተመዘገበው ዐይነት ነው። ይህንም ዐይነት ጠባዩን ሳይለውጥ ለማብዛት የተመረጠው መንገድ ከሴቴው ግንድ ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ነው። ገበሬ ሸንኮራ አገዳን ከአገዳው ቈርጦ እንደሚተክል ሁሉ፥ ከእናቲቱ የተቈረጠው የእንዶድ ቅርንጫፍም በእርጥብ አፈር ውስጥ ሥር ሰድዶ እናቲቱን ራሷን ይሆናል፤ ወንዴ ይሆን ወይስ ሴቴ የሚለው ጥርጣሬም ይቀራል። እርግጥ ለሴቴዎቹ ፍሬ መያዝ ጥቂት ወንዴዎች በመካከላቸው መተው አለባቸው። በዚህ መንገድ የበዛው 44ኛው ዐይነት ከኢትዮጵያ ወጥቶ እስከ ዛምቢያ፥ ስዋዚላንድና ዚምባብዌ ድረስ ተወስዶ ተሞክሯል።

የኬሚስትሪ ጥናትም የአጣቢዎቹን ዘዴ የሚያስደንቅ አደረገው። በ1980ዎቹ የስዊስ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ በፍሬው ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ነገር በመጀመሪያ ቀንድ አውጣን የማይገድል ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥ በውስጡ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር ከርሱ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቈርጥለታል፤ መርዝነቱ የሚገለጠውም ያን ጊዜ ነው። በአልኮል የተነጠረ ግን ይህን ለውጥ ስለማያገኝ ደካማ ይሆናል። እናቶች ከእናቶቻቸው የተማሩት መውቀጥና በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ ለሥራው የተገባው መንገድ ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንዶድ በሰፊ እርሻ ለምን አልተስፋፋም ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። አንደኛ፥ አዲስ መድኃኒት በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲፈቀድ የሚጠየቀው የመርዛማነት ምርመራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ፈጀ። ሁለተኛ፥ በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከተገኘ ወዲህ፥ በ1980ዎቹ የበሽታው መከላከያ ሥራ ውኃውን ከማከም ወደ ሕመምተኛው ማከም አዘነበለ። ሦስተኛ፥ ገበሬው እንዶድን ለመትከል ገዢ ያስፈልገው ነበር፤ ገዢው ግን መንግሥት ወይም የጤና ድርጅት እንጂ ገበያ አልነበረም። የሁለቱ ሊቃውንት ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኝ፥ ተክሉ አሁንም ባብዛኛው በአጥር ዳር የሚለቀም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በሐይቆች ውስጥ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል ለመግደል በእንዶድ የመጠቀም መብት በፓተንት አስመዘገበ። ከዚህም የተነሣ ከጥንት ጀምሮ በእንዶድ ሲገለገል ለኖረው ሕዝብ የሚደርሰው ጥቅም ምንድን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

በደጋው ቤቶች የሳሙናና የዱቄት ማጠቢያ መስፋፋት እንዶድን ከዕለት ሥራ እያራቀው መጣ። ልብስ ማጠቢያ መሆኑ በቀረ ቍጥር ሰው የትኛው ግንድ ብዙ አረፋ እንደሚሰጥ፥ የትኛውስ ደካማ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅበት ምክንያት አብሮ ይቀራል። ይህም ዕውቀት መጽሐፍ የሌለው፥ በእናትና በልጅ መካከል በወንዝ ዳር ብቻ የሚተላለፍ ነበር። የቤተ ልሔም ሥርዐት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ድጓ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ እንዳይሳሳት፥ ተማሪው የጻፈውን ሁሉ ተመሳክሮ ከሚታረምበት አንድ ቦታ ያደርሰዋል። ለእንዶድ ግን እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ሊባል የሚችለው 65ቱ ዐይነቶች ጎን ለጎን ተተክለው የተመዘኑበት የዶክተር ለገሠ ሥራ ነው።

ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ለማንኛውም ገበሬ የሚቻል ቀላል ሥራ ነው። አስቸጋሪው ከየትኛዋ እናት እንደሚቈረጥ ማወቅ ነው። ስለዚህ በየአውራጃው የቀሩትን እንዶዶች ከነስማቸውና በየአካባቢው ከሚነገርላቸው ጠባይ ጋር መመዝገብ፥ ከነርሱም ቅርንጫፍ ወስዶ በአንድ መደብ ማኖር የሚገባው፥ በአረፋቸው ለይተው የሚያውቋቸው አረጋውያት በሕይወት ሳሉ ነው።