ኢሕዴን በዋግ፤ ከአንድ ሠራዊት ክፍፍል የተወለደው ድርጅትና ያስጠለለው ምድር

የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) ከኢሕአፓ የትጥቅ ክንፍ ተለይተው በወጡ ታጋዮች ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም የተመሠረተ የፖለቲካና የጦር ድርጅት ነው። መሥራቾቹ በአስሮች የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። በደርግ ዘመን በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ዋነኛ መንቀሳቀሻው ዋግና ሰሜን ወሎ ሲሆኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላው ከአጋሮቹ ጋር አዲስ አበባ ገብቷል።

በቁጥር ያነሰው ይህ ቡድን ጸንቶ የቆየው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው ከተፎካካሪ ሠራዊቶች መካከል የመረጠው አጋር ነው። ሁለተኛው የተጠለለበት ምድርና ሕዝብ ነው። ስለ አንደኛው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነሳም።

የሁለት ሠራዊቶች ፉክክር

ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም ተመሥርቶ በነሐሴ 1967 ዓ.ም ራሱን በይፋ አሳወቀ። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ሠራዊት (ኢሕአሠ) የተባለው የትጥቅ ክንፉም በትግራይ፣ በዓጋመ፣ የአሲምባን ተራራ ዋና ሠፈሩ አደረገ። በዚያው በትግራይ ደግሞ ከየካቲት 1967 ዓ.ም ጀምሮ ሕወሓት ይንቀሳቀስ ነበር። አንዱ ኅብረ ብሔራዊ፣ ሌላው ብሔራዊ አደረጃጀት የነበራቸው ሁለቱ ድርጅቶች ደርግን በጋራ ቢቃወሙም በአንድ መሬት ላይ አብረው መዝለቅ አልቻሉም። በ1970 ዓ.ም በመካከላቸው ጦርነት ተከፍቶ ኢሕአሠ ከአሲምባ ለቀቀ። ዘመኑ የኢሕአፓ የከተማ መዋቅር በቀይ ሽብር የተመታበት በመሆኑ ድርጅቱ በገጠርም በከተማም ተዳከመ።

ከሽንፈቱ በኋላ የሠራዊቱ ዋና ክፍል ወደ ጎንደር አዘነበለ። በአመራሩ ስልት ላይ ጥያቄ ያነሱ ታጋዮች ግን ተገንጥለው ወጡ። ታምራት ላይኔ፣ አዲሱ ለገሠ፣ ተፈራ ዋልዋና በረከት ስምዖን ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። ቡድኑ ኢሕዴን በሚል ስም ሲደራጅ፣ የቀድሞ ሠራዊቱን ካሸነፈው ከሕወሓት ጋር ለመተባበር ወሰነ። ውሳኔው በኢሕአፓ ዘንድ እንደ ክህደት ተቆጥሯል። የኢሕዴን ወገን በበኩሉ ደርግን መጣል የሚቻለው በኅብረት ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ አቅርቧል።

ዋግ ስለ ምን ተመረጠ

ዋግ በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ሥር፣ ሰቆጣን ዋና ከተማው ያደረገ አውራጃ ነበር። በትግራይ፣ በጎንደርና በተቀረው ወሎ መካከል የሚገኝ ሲሆን የተከዜ ሸለቆ ያዋስነዋል። ገደላማና መንገድ ያልበዛበት በመሆኑ ለመደበኛ ጦር እንቅስቃሴ የማይመች፣ ለደፈጣ ተዋጊ ግን የሚመች ነው። በዋግሹሞች ሥር የቆየ የራሱ የአስተዳደር ታሪክ ያለው፣ ኽምጣናና አማርኛ የሚነገርበት አካባቢም ነው።

ድርጅቱ በዚህ ስፍራ ከሰው ኃይል ባሻገር ስንቅ፣ መንገድ መሪና መረጃ ያገኝ ነበር። ይህን የሰጠው አርሶ አደር ደግሞ ዋጋ ከፍሏል። በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል ያለ ገበሬ ለአንዱ ቢያበላ በሌላው ይጠረጠር ነበር።

ጦርነቱ ከድርቅ ጋር ሲገጥም ጉዳቱ በረታ። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ወሎና ትግራይ ክፉኛ ሲጎዱ፣ ዋግ ከተጎጂዎቹ አንዱ ነበር። እርዳታ በመንግሥት ይዞታ ሥር ባሉ ከተሞች ሲከፋፈል፣ በታጣቂዎች ይዞታ ሥር ያለው የገጠር ነዋሪ የጦር ግንባር አቋርጦ ለመድረስ ይገደድ ነበር። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተወሰደበት የሠፈራ ዘመቻም የተካሄደው በዚሁ ወቅት ነው።

ከተራራ ወደ መንግሥት

የካቲት 1981 ዓ.ም በሽሬ የደረሰው ሽንፈት የደርግ ጦር ትግራይን እንዲለቅ አስገደደው። በዚያው ዓመት ሕወሓትና ኢሕዴን ኢሕአዴግን መሠረቱ። በ1982 ዓ.ም የተቋቋመው የኦሕዴድ መሥራቾችም ከፊሎቹ ከኢሕዴን የወጡ ናቸው። በ1983 ዓ.ም በጎንደርና በጎጃም የተካሄደው ዘመቻ ቴዎድሮስና በወሎ የተካሄደው ዘመቻ ዋለልኝ ወደ መሐል አገር የሚወስደውን መንገድ ከፈቱ። በዚሁ ዓመት የኢሕአዴግ ጦር በሰሜን ምዕራብ የቀረውን ኢሕአሠ ወግቶ አስወጣ። በአንድ ወቅት የአንድ ሠራዊት አባላት የነበሩ ሰዎች በዚህ ጊዜ በተቃራኒ ምሽግ ተገናኝተዋል።

ከግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም በኋላ ታምራት ላይኔ እስከ 1987 ዓ.ም በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገልግለዋል። ኢሕዴን በጥር 1986 ዓ.ም ኅብረ ብሔራዊ መልኩን ትቶ የብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ብአዴን) ሆነ። ድርጅቱ ነጻ አጋር ነበር ወይስ የሕወሓት ተቀጽላ የሚለው ክርክር ሕልውናው እስኪያበቃ አልተለየውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም የአማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም ወደ ብልጽግና ፓርቲ ሲዋሐድ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አከተመ። ሕወሓት ውሕደቱን አልተቀበለም።

የምድሩ ድርሻ

የቀድሞዎቹ አጋሮች መለያየት መልሶ ያረፈው በዋግ ላይ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተጀመረው ጦርነት ቆይቶ ወደ ዋግ ኽምራ ተስፋፍቶ ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ወገኖችም ለወራት በመጠለያ ኖረዋል። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ነው።

ዋግ ኽምራ ዛሬ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ዕውቅና ያገኘ የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከ426 ሺሕ በላይ ነዋሪ ተመዝግቦበታል። የሰቆጣ ስም በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በ2007 ዓ.ም በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስወገድ ያለመ ነው። ለመንግሥት ለውጥ መነሻ ከሆኑት ምድሮች አንዱ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በሕፃናት መቀንጨር ምሳሌነት መጠራቱ የኢሕዴን ታሪክ ሲነገር አብሮ ሊነገር የሚገባው እውነት ነው። ታጋዮቹ ሥልጣን ይዘዋል፤ ያስጠለላቸው ገበሬ የሚገባው ድርሻ ግን ገና ተሟልቶ አልተከፈለም።