ደንቡ ይወስን፣ ትዕዛዙ ይፈጽም፦ የአመክንዮ ፕሮግራሚንግ በሲስተም አስተዳደር

የሲስተም አስተዳዳሪዎች ተደጋጋሚ ሥራቸውን ለማሽኑ መተው የጀመሩት በስክሪፕት ነው። ስክሪፕት የትዕዛዝ ሰልፍ ነው፤ ይህን ፋይል ክፈት፣ ይህን መስመር ጨምር፣ ያንን አገልግሎት አስነሣ ይላል። ጉድለቱ የሚታየው በሁለተኛው ዙር ነው። የአንድ ሰርቨር አድራሻ በፋይል መጨረሻ ላይ የሚጨምር ስክሪፕት ሁለት ጊዜ ቢሮጥ መስመሩ ሁለት ይሆናል፤ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ቢጀመር ደግሞ የት እንደቆመ አያውቅም። በ1993 ማርክ በርጌስ በኦስሎ የጀመረው ሲኤፍኤንጂን ነገሩን ገለበጠው። አስተዳዳሪው ማሽኑ ሊኖረው የሚገባውን ሁኔታ ይጽፋል፤ መሣሪያው ያለውን ከተፈለገው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን ብቻ ይሞላል፣ ካልጎደለ ምንም አይነካም። በ2005 ፐፔት፣ በ2012 አንሲብል ሲመጡም በየመንገዳቸው ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ነው። ዛሬ ይህ አሠራር የሙያው መደበኛ ቋንቋ ሆኗል። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች ከገላጭ ፕሮግራሚንግ የወሰዱት ግማሹን ነው፤ የአጻጻፍ ቅርጹን ወስደው፣ ከተጻፈው ተነሥቶ መደምደሚያ የማውጣትን አቅም ትተዋል። ትልቁ ጥቅም ያለው ደግሞ በተተወው ግማሽ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ደንብ ሊታይ ይችላል። «የድር ሰርቨር የሆነ ማሽን ሁሉ ፖርት 443 ክፍት ይሁን» እንበል። ይህን በፐፔት ብንጽፈው ጽሑፉ የሚያገለግለው በአንድ አቅጣጫ ነው፦ ለእያንዳንዱ ማሽን የሥራ ዝርዝር ይወጣለታል፣ በዚያው ያበቃል። አላን ኮልሜሮየርና ፊሊፕ ሩሰል በሮበርት ኮዋልስኪ ጥናት ጭምር ተደግፈው በ1972 ማርሴይ ላይ በፈጠሩት ፕሮሎግ በተባለው የአመክንዮ ቋንቋ ብንጽፈው ግን ያው ደንብ ስለ ማሽኖቹ ከተመዘገበው መረጃ ጋር ለብዙ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በዚህ ማሽን ላይ ምን ክፍት መሆን አለበት? ያለ ምክንያት ክፍት የሆነው በየትኛው ላይ ነው? ይህ ማሽን ቢወገድ የትኛው አገልግሎት ድጋፍ ያጣል? የመጀመሪያው ጥያቄ ማዋቀር፣ ሁለተኛው ቁጥጥር፣ ሦስተኛው ዕቅድ ነው፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ሦስቱ በሦስት የተለያዩ መሣሪያዎች ይሠራሉ፣ የሦስቱም ደንቦች ውለው አድረው ይለያያሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1999 ሊሳ በተባለው የሲስተም አስተዳዳሪዎች ጉባኤ ላይ አልቫ ካውችና ማይክል ጊልፊክስ ወደ ተፈለገው ሁኔታ የሚያቀርቡ የአስተዳደር ሥራዎችን ፕሮሎግ በተፈጥሮው ሊገልጻቸው እንደሚችል አሳይተው ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዊንዶውስ ኤንቲ የኔትወርክ ካርዶችን፣ ድራይቨሮችንና ፕሮቶኮሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው በውስጡ በተቀበረ ትንሽ የፕሮሎግ አስፈጻሚ ነበር። ይበልጥ የሚያሳምነው ግን የስፓክ ታሪክ ነው። ስፓክ በላውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተጀምሮ በሱፐርኮምፒውተሮች ላይ ሶፍትዌር የሚጭን መሣሪያ ነው። የትኛው ፓኬጅ በየትኛው ስሪትና በየትኛው ኮምፓይለር ይሠራ የሚለውን ቀድሞ የሚወስነው በፓይተን የተጻፈ ሥርዓት ነበር፤ አንድ ጊዜ የወሰነውን መለስ ብሎ ስለማያጤን መፍትሔ እያለ «የለም» የሚልበት ጊዜ ነበር። በ2021 ቦታውን የያዘው በፖትስዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ክሊንጎ የተባለ የአመክንዮ ፈቺ ነው። ፓኬጅ የሚጽፉት ሰዎች አሁንም በፓይተን ይጽፋሉ፣ የአመክንዮ ደንቦቹን አያዩዋቸውም። «ፕሮሎግ የሚያውቅ አስተዳዳሪ ከየት ይመጣል?» ለሚለው የተለመደ ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ሥራው ከባድ ነው የሚለውም እውነት ነው፤ አንድ ፓኬጅ መጫን ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ጥያቄ በጠቅላላው ከከባዶቹ የስሌት ችግሮች ተርታ መሆኑ ከ2006 ጀምሮ ተረጋግጧል። ነገር ግን ፈቺዎቹ በተግባር የሚገጥሟቸውን ጥያቄዎች ይወጧቸዋል።

የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው። ስቲቭ ትራውጎትና ላንስ ብራውን በ2002 እንደተከራከሩት፣ በማሽን ላይ የሚደረግ ለውጥ በቅደም ተከተሉ ይወሰናል፤ ሁለት ማሽኖች ያው ለውጥ በተለያየ ቅደም ተከተል ቢደረግባቸው መጨረሻቸው ላይገጥም ይችላል። ፕሮሎግ ደግሞ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ይሞክራል። ይህ በሐሳብ ዓለም ምንም አያስከፍልም፤ በዲስክ ላይ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ የጠፋው የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ፍለጋው ስለተመለሰ ተመልሶ አይመጣም። ተቃውሞውን እቀበለዋለሁ። የሚከተለው ግን አመክንዮን መተው ሳይሆን ማሰብንና መፈጸምን መለየት ነው። ፈቺው ምንም ሳይነካ የመጨረሻውን ሁኔታና የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል ያውጣ፤ የሚፈጽመው ግን ወደ ኋላ የማይመለስ፣ የሚጠራጠርበት ቦታ ላይ የሚቆም አጭር ፕሮግራም ይሁን። ካውችና ጊልፊክስ ካሰቡት ይልቅ ለዚህ አካሄድ የሚቀርበው የስፓክ አሠራር ነው።

ከዚህ የባሰው አደጋ ብዙ ጊዜ አይወራለትም። ፕሮሎግ ማረጋገጥ ያልቻለውን ሁሉ ሐሰት አድርጎ ይወስዳል። ሁሉም ነገር በመዝገቡ ውስጥ ሲኖር ይህ ትክክል ነው፤ ኔትወርክ ግን እንዲህ አይደለም። «ዋና ሰርቨር ከሌለ ተጠባባቂው ዋና ይሁን» የሚል ደንብ እንውሰድ። የኔትወርክ ገመድ ተቋርጦ ዋናው ዝም ቢል፣ ለፕሮሎግ ዝም ያለውና የሌለው አንድ ናቸው። ተጠባባቂው ዋና ይሆናል፤ የቀድሞውም በሌላው ወገን መጻፉን ይቀጥላል፤ ገመዱ ሲቀጠል ሊታረቁ የማይችሉ ሁለት ዳታቤዞች ይገኛሉ። ጥፋቱ ግን የአመክንዮ ሁሉ አይደለም፣ የአንድ ዓይነት አሉታ ነው። ሚካኤል ጌልፎንድና ቭላዲሚር ሊፍሺትዝ በ1991 ባቀረቡት ሥርዓት «መኖሩ አልታወቀም» እና «አለመኖሩ ታውቋል» ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው፤ ክሊንጎም ሁለቱን ይለያል። ስለዚህ ሊመለስ የማይችል እርምጃ የሚያዝ ደንብ ሁሉ በሁለተኛው ላይ ብቻ እንዲቆም ማስገደድ ይቻላል። ተራ ስክሪፕት ይህን ልዩነት በቋንቋው ውስጥ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ጸሐፊው ካስታወሰ ያስታውሳል፣ ካልሆነ የለም።

አንድ የተሳሳተ ደንብ በአንዴ ሺህ ማሽን ያበላሻል የሚሉም አሉ። የተሳሳተ ትዕዛዝም እንዲሁ ያደርጋል። ጥቅምት 4 ቀን 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌስቡክን ለስድስት ሰዓት ያህል ያጠፋው በጥገና ወቅት የተሰጠ ትዕዛዝ ነበር፤ ትዕዛዙን መርምሮ ሊያስቆመው ይገባ የነበረው መሣሪያም በራሱ ስሕተት ምክንያት አሳለፈው። ደንብ ቢያንስ ከመፈጸሙ በፊት «ይህ ቢሆን ምን ይከተላል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የመርማሪውን ትክክለኛነት ግን እርሱም ቢሆን አያረጋግጥልንም።

ያልተዘጋው ክፍተት የማብራሪያ ነው። ፈቺው «መፍትሔ የለም» ብሎ ሲዘጋ፣ ሌሊት የተጠራ አስተዳዳሪ የትኛው ደንብ ከየትኛው እንደተጋጨ ከዚህ መልስ ሊያውቅ አይችልም፤ ስክሪፕት ቢያንስ የወደቀበትን መስመር ቁጥር ይናገራል። በስፓክ የተሞከረው መውጫ መጣስ የሌለባቸውን ደንቦች ከፍ ያለ ቅጣት ሰጥቶ እንዲጣሱ መፍቀድ ነው፤ ፈቺው ጥሰቱን ወደ ትንሹ አውርዶ የቀረውን በስም ይዘረዝራል። መልሱ ያኔ «ይህ ፓኬጅ የሚፈልገው ስሪት ያኛው ከሚፈልገው ጋር አይሄድም» የሚል ይሆናል፤ አስተዳዳሪውም ከሁለቱ የቱን እንደሚያላላ ይመርጣል።