መልካቸው ሳይለወጥ ፍቺያቸው የተለወጠ የእንግሊዝኛ ቃላት

የጥንት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የማያውቀውን ቃል ባገኘ ጊዜ ይቆማል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል ወይም መምህር ይጠይቃል። ስለዚህ የማይታወቅ ቃል ብዙ ሰው አያስትም። የሚያስተው የታወቀ መስሎ የሚታየው ቃል ነው፤ አንባቢው የዛሬውን ፍቺ ይዞ ሳይጠራጠር ያልፋልና። በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ትርጕም እንዲዘጋጅ ያዘዘው የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ነው። በ1604 በሐምፕተን ኮርት በተደረገው ጉባኤ አሳቡ ከቀረበ በኋላ፥ አርባ ሰባት ያህል ሊቃውንት በስድስት ማኅበር ተከፍለው በዌስትሚኒስተር፥ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ሥራውን ፈጸሙ። ነገር ግን አዲስ ንግግር እንዲፈጥሩ አልታዘዙም፤ የጳጳሳት መጽሐፍ ቅዱስ የተባለውን የ1568 ትርጕም እንዲከተሉ፥ ያለ በቂ ምክንያትም እንዳይለውጡት ተነገራቸው። ያም ትርጕም በሐዲስ ኪዳን ብዙውን ቃል የወረሰው ከዊልያም ቲንደል ነበር። ቲንደል ሐዲስ ኪዳንን ከጽርዕ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1526 በጀርመን አገር በዎርምስ ከተማ አሳተመ፤ በ1536 ግን በብራስልስ አጠገብ በቪልቮርደ መናፍቅ ተብሎ ተፈርዶበት ታንቆ ሞተ፥ ሥጋውም ተቃጠለ። እንግዲህ የ1611 መጽሐፍ ገና በታተመበት ጊዜ እንኳ የቋንቋው ዕድሜ ከሰማንያ ዓመት ያለፈ ነበር።

ከቃላቱ መካከል እጅግ የሚያስደንቀው «ሌት» የሚለው ግሥ ነው። ዛሬ ፍቺው መተው፥ መፍቀድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክት፥ በምዕራፍ 2 ቍጥር 7፥ የዓመፅን ምሥጢር አግዶ የያዘ እንዳለ ሲናገር፥ ተርጓሚዎቹ «ማገድ» ለሚለው የጻፉት ይህንኑ ቃል ነው። በዛሬው ፍቺ የሚያነበው ሰው ከልካዩ ፈቃጅ ይሆንበታል፤ ምሥጢሩም ይገለበጥበታል። ምክንያቱም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ግሦች ስለ ነበሩ ነው። አንዱ «ላታን» መተው፥ መፍቀድ ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው «ሌታን» ማዘግየት፥ ማገድ ማለት ነበር። ዘመን ሲያልፍ የሁለቱ ድምፅ አንድ ሆነ፤ እገዳ የሚለውም ፍቺ ከሕዝቡ አፍ እየጠፋ ሄደ። ቅሪቱ በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይ ይገኛል፤ መንገደኛው ያለ «ሌት» ያለ መሰናክል እንዲያልፍ በዚያ ተጽፎለታልና።

«ፕሪቬንት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ዛሬ ማገድ፥ መከልከል ማለት ነው። ነገር ግን ከሮማይስጥ የመጣ ቃል ሆኖ፥ «ፕሬ» በፊት፥ «ቬኒሬ» መምጣት ማለት ስለ ሆነ፥ የመጀመሪያ ፍቺው መቅደም ነበር። ሰውን የቀደመ መንገዱን ሊዘጋበት ይችላልና መቅደም የነበረው ውሎ አድሮ ማገድ ሆነ። በ1662 በወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ፥ ምእመናን እግዚአብሔር በሥራቸው ሁሉ በጸጋው እንዲቀድማቸው በዚህ ቃል ይለምናሉ። የጥንቱን ፍቺ የማያውቅ ሰው ግን ሥራቸውን እንዲያሰናክልባቸው የሚለምኑ ይመስለዋል።

ሐዋርያው ጴጥሮስ ደግሞ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3፥ ያላመኑ ባሎች ምንም ንግግር ሳያስፈልግ በሚስቶቻቸው መልካም ኑሮ ሊመለሱ እንደሚችሉ ያስተምራል። ለ«ኑሮ» የተጻፈው ቃል «ኮንቨርሴሽን» ነው። ይህ ቃል ዛሬ ጭውውት ማለት ስለ ሆነ፥ አንባቢው «ያለ ንግግር በንግግር» የሚል እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ያገኛል። በሮማይስጥ ግን ከሰው ጋር አብሮ መኖር፥ መመላለስ ማለት ነበር። አብረው የሚኖሩ ይነጋገራሉና፥ ከኑሮው ሁሉ በቃሉ ውስጥ ንግግሩ ብቻ ቀረ።

«ኩዊክ» የሚለውም ዛሬ ፈጣን ማለት ሲሆን፥ ጥንት ሕያው ማለት ነበር። ስለዚህ በሕያዋንና በሙታን ላይ ስለሚሆነው ፍርድ በሚናገርበት ቦታ ሕያዋን በዚህ ቃል ተጠርተዋል። ባዜቃንም እንግሊዞች «ኩዊክሲልቨር»፥ ማለት ሕያው ብር፥ ይሉታል፤ ነፍስ እንዳለው ሁሉ ይንቀሳቀሳልና።

ይህን አደጋ ያስተዋሉ ሰዎች ሁለት መንገድ ያዙ። አንዳንዶቹ ቃሉን ለወጡ። አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ኖኅ ዌብስተር በ1833 እንደዚህ ያሉትን ቃላት አርሞ መጽሐፍ ቅዱስን አሳተመ፤ በ1881 ታርሞ የወጣው የእንግሊዞች ሐዲስ ኪዳንም በተሰሎንቄ መልእክታት ውስጥ «ሌት»ንና «ፕሪቬንት»ን በሌላ ቃል ተካ። ሌሎቹ ግን የቃሉን ታሪክ ማስተማር መረጡ። ከእነዚህ አንዱ የዌስትሚኒስተር ደብር አለቃ፥ በኋላም የደብሊን ሊቀ ጳጳስ የሆነው ሪቻርድ ትሬንች ነው። በ1857 በለንደን በቋንቋ አጥኚዎች ማኅበር ፊት የመዝገበ ቃላቱን ጉድለት ገለጠ፤ በ1859ም ፍቺያቸው የተለወጠ ቃላትን ሰብስቦ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ንግግር የተቀሰቀሰው አሳብ የኦክስፎርድን ታላቅ መዝገበ ቃላት ወለደ። ይህም እያንዳንዱን ቃል ከነዘመኑና ከነምስክሩ እየዘረዘረ፥ ከ1884 ጀምሮ በየክፍሉ ታትሞ በ1928 ተፈጸመ። በ1952 የወጣው የአሜሪካ ትርጕም መቅድም እንደሚለው፥ በ1611 መጽሐፍ ውስጥ ፍቺያቸው እጅግ የተለወጠ ቃላት ከሦስት መቶ ይበልጣሉ።

ጥፋቱ የተርጓሚዎቹ አይደለም፤ እነርሱ በዘመናቸው ሕዝብ የሚያውቀውን ቃል ጽፈዋል። መጽሐፉ በቦታው ጸንቶ ሳለ የሕዝቡ ንግግር ርቆ ሄደ እንጂ። የጥንት መጽሐፍ የሚያነብና ለሌላው የሚያስተምር ሰው እንግዲህ ስለማያውቀው ቃል ብቻ ሳይሆን፥ አውቀዋለሁ ስለሚለውም ቃል ይጠይቅ፤ ያለዚያ ከልካዩን ፈቃጅ፥ ኑሮውን ጭውውት አድርጎ ሲያስተምር ስሕተቱን የሚነግረው አይኖርም።