ብስክሌተኛው መርማሪ

እ.ኤ.አ. በ1983 በነሐሴ ወር፣ ለፓን አሜሪካ ጨዋታ ወደ ቬኔዙዌላ ርእሰ ከተማ ወደ ካራካስ የመጡት ስፖርተኞች፣ እንደ ወትሮው ሽንታቸውን ለምርመራ ሰጥተው በሰላም የሚመለሱ መስሏቸው ሳለ፣ ክብደት አንሺዎች ተራ በተራ አበረታች ቅመም ተገኝቶባቸው ሜዳሊያቸውን መነጠቃቸው በተሰማ ጊዜ፣ ከአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን ከ10 የሚበልጡት ሳይወዳደሩ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው በረሩ። ሁሉም ፈርተው ሄዱ ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ አካሄዳቸው ግን ማሳማቱ አልቀረም።

የዚህ ድንጋጤ ምክንያት ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ማንፍሬድ ዶኒከ ነበሩ፤ እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በ1960ና በ1961 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደሩ ብስክሌተኛ ስለነበሩ፣ የሚያሳድዱትን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩት አልነበረም። ስቴሮይድ የሚባለው የአበረታች ቅመም ዓይነት በቀላሉ የማይተን በመሆኑ፣ እንዲተን የሚያደርገውን ውሁድ ራሳቸው አዘጋጁ፤ ከዚህ በኋላ ከሽንቱ የተጣራው ነገር በሙቀት ተንኖ እንደ ጠጉር በቀጠነ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ባሕርዩ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ይወጣል፤ ሲወጣም በኤሌክትሮን ተመትቶ ይሰባበራል፤ የስብርባሪዎቹም ክብደት ማንነቱን ይመሰክርበታል።

ይሁንና፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የዚህ ጥበብ ከባዱ ምሥጢር ባዕዱን ቅመም ማግኘት ሳይሆን፣ ባዕዱንና ባሕርያዊውን መለየት ነው፤ ቴስቶስቴሮን የሚባለው ስቴሮይድ ከፍጥረቱ ጀምሮ በሰው ሥጋ ውስጥ ያለ ነውና፣ በሽንት መገኘቱ ብቻ ማንንም አያስወቅስም። ስለዚህ ዶኒከ ኤፒቴስቶስቴሮን ከሚባለው አምሳያው ጋር አነጻጸሩት፤ የሁለቱ መጠን በብዙ ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ሲሆን፣ ከውጭ የሚወሰደው ቴስቶስቴሮን የራሱን ብቻ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከ6 ለ1 ያለፈ ተጠርጣሪ ሆነ።

የምሥራቅ ጀርመን ሹማምንት ግን ይህን ሕግ በሚገባ አጥንተው፣ የናፋርም የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካቸው ኤፒቴስቶስቴሮንን ጭምር እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ስፖርተኛው ሁለቱንም ሲወስድ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ ወደ ውጭ አገር ከመውጣቱም በፊት በክራይሻ በሚገኘው ቤተ ሙከራ ሽንቱ በምሥጢር ይፈተሽ፣ ያላለፈም አገሩ ይቀር ነበር። ለዚህ ብልሃት መልስ የተገኘው በ1990ዎቹ ነው፤ በፋብሪካ የሚሠራ ቴስቶስቴሮን ባብዛኛው እንደ አኩሪ አተር ካሉ ዕፅዋት የሚሠራ ስለሆነ፣ ካርቦን 13 የሚባለው ከባድ ካርቦን የሰው አካል ልዩ ልዩ ምግብ በልቶ ከሚሠራው ይልቅ በጥቂቱ ያንስበታል፤ መርማሪዎቹም ቁጥር ማነጻጸሩን ሳይተዉ ይህን ልዩነት መመዘን ያዙ።