የቀይ ባሕሩ ሠዓሊና መርከብ ሠሪ፦ አንሪ ደ ሞንፍሬድ

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን የሚያቋርጥ መንገደኛ ኦቦክ ይደርሳል። ኦቦክ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 ከአፋር ባላባቶች በውል የያዟት፣ ጅቡቲ ከተማ ከተቆረቆረች ወዲህ ግን የተዘነጋች ትንሽ ወደብ ናት። ምድሯ ደረቅ ነው፤ ሙቀቷ አያስቀምጥም። በዚህች ዳርቻ አንድ ፈረንሳዊ ቤት ሠርቶ ኖረ፤ መርከብ አነጸ፤ ባሕሩንም በውሃ ቀለም ሣለ። ይህ ሰው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። ስሙ በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ አለ፤ በበጎም በክፉም።

ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. በ1879 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ዳር ባለችው ላ ፍራንኪ ተወለደ። አባቱ ዦርዥ ዳንኤል ሠዓሊ ነበር፤ የታላቁ ሠዓሊ የፖል ጎጋን የልብ ወዳጅ። ጎጋን በሩቅ ደሴቶች ተቀምጦ የሣላቸውን ሥዕሎች ይልክለታል፤ እሱም እየሸጠ ገንዘቡን ይሰድለታል። አባትየው ባሕር ወዳድም ስለነበር የራሱ ባለሸራ መርከብ ነበረው። ልጁ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ሸራ ሲወጠር እያየ አደገ።

ጅቡቲ የገባው በ1911 ነው። ያኔ የምድር ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም። በቡናና በቆዳ ንግድ ተቀጥሮ ድሬዳዋንና ሐረርን ተመላለሰባቸው። ነገር ግን የሱቅ ሥራ አልያዘውም፤ ብዙም ሳይቆይ ጀልባ ይዞ ባሕር ገባ። ዕንቁ ነገደ፤ ጠመንጃ አሻገረ፤ ሐሺሽ ከግሪክ ገዝቶ ወደ ግብፅ አስገባ። የመሣሪያው ንግድ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ጅቡቲ ውስጥ አሳስሮታል። በዚህ መካከል እስልምናን ተቀብሎ አብደል ሃይ ተባለ። አረብኛ ይናገራል፤ እንደ መርከበኞቹ ሽርጥ ያገለድማል፤ የሚበሉትን ይበላል።

የእኔን ልብ የሚይዘው መርከብ ሠሪነቱ ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሽርሽር መርከብ የሚነድፍ ባለሙያ አስቀድሞ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል፣ ክብደትና ስፋት ያሰላል። የቀይ ባሕር አናጺ ግን በልማድ ወረቀት አያውቅም፤ ልኩ በዓይኑና በክንዱ ነው። በመጀመሪያ ወፍራሙን የሥር ግንድ ያጋድማል። ከዚያ የጎኑን ሳንቃ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረደረ ቅርጹን ያወጣል፤ የውስጥ ማገሩን የሚገጥመው ከዚያ በኋላ ነው። በየሳንቃው መጋጠሚያ ዘይት የጠጣ የጥጥ ፈትል በመሮ ይጠቀጠቃል። ውሃ ውስጥ የሚቀመጠውን ሆዱን ደግሞ ትል እንዳይበላው በኖራና በስብ ይለስኑታል። በረሃው ዛፍ ስለማይሰጥ ደህናው እንጨት የሚመጣው ከሕንድ ነበር። ሞንፍሬድ ይህን ጥበብ ከባለቤቶቹ ተማረ። ፋት ኤል ራህማንና ኢብን ኤል ባሕር የተባሉ መርከቦች ነበሩት። ስመ ጥሩዋን አልታይርን ግን ንድፏን ራሱ አውጥቶ ኦቦክ ላይ አሠራት።

ሥዕሎቹም ከዚሁ ኑሮ የወጡ ናቸው። ጀልባ፣ የባሕር ዳርቻና የዳርቻው ሰው ዋና ጉዳዮቹ ነበሩ፤ በውሃ ቀለም ሲሥል ኖሯል፣ ፎቶግራፍም አንስቷል። መርከብ በእጁ የሠራ ሰው ሲሥል ገመዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር ያውቃል፤ ነፋስ በየት በኩል ሲመጣ ሸራው ወዴት እንደሚነፋም አይስትም። ከአባቱ ጋር በሥዕል ጥበብ አይስተካከልም፤ ይህን ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቀይ ባሕርን በማወቅ ግን የሚደርስበት አውሮፓዊ ሠዓሊ አላውቅም።

እንግዶችም ይመጡበት ነበር። ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቴያር ደ ሻርደን እንግዳው ሆኖ ሳለ በ1929 ሁለቱ ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አገኙ፤ ዋሻው ዛሬም የጥንት ሰው ታሪክ የሚጠናበት ነው። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ጋዜጠኛው ዦዜፍ ኬሴል ደግሞ ያየኸውን ጻፍ ብሎ ጎተጎተው። «የቀይ ባሕር ምስጢሮች» በ1931 ታተመና ሞንፍሬድን በፈረንሳይ ዝነኛ አደረገው። ከዚያ በኋላ በርካታ መጻሕፍት አከታተለ።

ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። ሆኖም በኢትዮጵያና በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በጻፈው የተነሣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ከአገር አስወጡት። ቂሙን አልረሳም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ከወራሪው ጎን ቆመ፤ በብዕሩም ደገፈው፤ ተመልሶም በወራሪው ጥላ ሥር ሐረር ተቀመጠ። የበላበትን አገር ከድቷል። ኢጣሊያ ስትሸነፍ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት። በ1947 ፈረንሳይ ገባ፤ ኤንግራንድ በተባለች የገጠር ከተማ ሲጽፍና ሲሥል ኖሮ በታኅሣሥ 1974 በ95 ዓመቱ ሞተ።

ስለ ሞንፍሬድ የሚጻፈው አብዛኛው ራሱ ባወራው ላይ የቆመ ነው። አልታይርን ግን እሱ ብቻውን አልሠራትም፤ ብቻውንም አልነዳትም። ሳንቃውን የጠረቡት፣ በሌሊት የባሕሩን ዓለት እየሸሹ መርከቧን የመሩት የአፋር፣ የሶማሌና የየመን ልጆች ናቸው። ከእነሱ መካከል ሶማሌው አብዲ በመጻሕፍቱ በስሙ ተጠርቷል፤ የብዙዎቹ ታሪክ ግን በቤተሰብ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። በጅቡቲ፣ በታጁራና በድሬዳዋ የምትገኙ አንባብያን፣ አያቶቻችሁ በእነዚያ መርከቦች ላይ ሠርተው እንደሆነ፣ የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉልን።