ስንቅና መሐላ

በጥንቱ የህንድ ልማድ ባሕር መሻገር በራሱ ከነውር የሚቆጠር ነገር ነበር። «ጥቁር ውሃ» የሚሉትን ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው ከባዕድ ጋር መብላቱና መጠጣቱ ስለማይቀር የዘር መደቡን ንጽሕና ያጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ መሄድ ግድ የሆነባቸው ሰዎች በረከቱ፤ እያንዳንዱም ለምግቡ ነገር የየራሱን መላ መፈለግ ነበረበት።

የጃይፑሩ ማሃራጃ ዳግማዊ ማድሆ ሲንግ መላውን ያገኘው በሀብቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲጠራ «ኦሊምፒያ» የተባለችውን መርከብ ተከራየ፤ በውስጧም ለአምላኩ የጸሎት ቤት አሠራ። የባዕድ ውሃ እንዳይጠጣም የጋንጅስን ወንዝ ውሃ ቁመታቸው 1.6 ሜትር፣ የእያንዳንዳቸው ክብደት 345 ኪሎ በሆነ የብር ጋኖች አስሞልቶ ጫነ። በዓሉ በንጉሡ ሕመም ምክንያት ከጁን 26 ወደ ኦገስት 9 ተላለፈ፤ እንዲህ ላለ እንግዳ የሳምንታት መዘግየት ማለት የስንቅ ጉዳይ ነው። ጋኖቹ ዛሬም በጃይፑር ቤተ መንግሥት ለጎብኚ ይታያሉ።

መርከብ መከራየት የማይችለውስ? ከዚህ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1888፣ የ18 ዓመቱ ሞሃንዳስ ጋንዲ ሕግ ሊማር ከቦምቤይ ተነሣ። ሥጋ እንዳይቀምስ፣ መጠጥ እንዳይጠጣ፣ ሴት እንዳይነካ ለእናቱ ምሎ ነበር። የዘር መደቡ አለቆች ጉዞውን አውግዘው ከመካከላቸው ለዩት፤ ሊሸኘው የሚወጣ ሰው መቀጫ እንዲከፍልም ፈረዱ።

በመርከቡ ላይ ከምግቡ የትኛው ሥጋ እንደሌለበት መጠየቅ ስላሳፈረው ከቤት በያዘው ጣፋጭና ፍራፍሬ ሰነበተ። ለንደን ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ቁራሽ ዳቦ በላይ ለመጠየቅ ይሉኝታ ያዘው፤ ስለዚህ ተርቦ ይውል ነበር። አንድ ወዳጁ መሐላው ከንቱ መሆኑን ሊያስረዳው የፍልስፍና መጽሐፍ እስከ ማንበብ ደረሰ። በሌላ ጊዜም ይኸው ሰው ወደ ትልቅ ምግብ ቤት ወሰደው፤ ወጣቱ ሾርባው ሥጋ እንዳለበት አስተናጋጁን ሊጠይቅ ሲል ወዳጁ ተቆጥቶ ከገበታው አስነሣው፤ ያን ሌሊት ጦሙን አደረ። ጾም የለመደ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የሚከብደው ረኃቡ ሳይሆን ምክንያቱን ለባዕድ ማስረዳቱ ነው።

በቀን 16 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በእግሩ እየዞረ ሲፈልግ በመጨረሻ በፋሪንግደን ጎዳና ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት አገኘ። በመስኮቱ ላይ ለሽያጭ የተደረደረውን የሄንሪ ሶልትን መጽሐፍ በአንድ ሽልንግ ገዛ፤ እንግሊዝ ከገባ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ። ታሪኩ ልዩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጋንዲ እስከዚያ ቀን ድረስ ህንዶች ሁሉ አንድ ቀን ሥጋ በሊታ ቢሆኑ ይመኝ ነበር፤ ራሱን የያዘው መሐላው ብቻ ነው። መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ግን በግዴታ ይከተለው የነበረውን በፈቃዱ ያዘው፤ የለንደን ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበርም የአመራር ኮሚቴ አባል ሆነ። እንቁላል ሥጋ አይደለም ባሉት ሰዎች ቃል ጥቂት ጊዜ እንቁላል ቢበላም፣ መሐላ የሚተረጎመው አስማዩ በተረዳው መንገድ ነው፣ እናቱ ደግሞ እንቁላልን ከሥጋ ትቆጥራለች ብሎ ተወው።

በ1891 ወደ አገሩ ሲመለስ እናቱ እርሱ በሌለበት መሞታቸውን ሰማ። ወንድሙ ወደ ናሲክ ወስዶ በተቀደሰው ወንዝ አስጠመቀው፤ ለዘር መደቡም ግብር አበላ። ከመደቡ ከፊሉ ሲቀበለው ሌላው ወገን ግን እንደ ተለየ ቆየ። በዚህ ወገን ሕግ መሠረት በአማቾቹ ቤት ውሃ እንኳ መጠጣት አልተፈቀደለትም። እነርሱ በስውር ሊያጠጡት ፈቃደኞች ነበሩ፤ እርሱ ግን በስውር አልጠጣም አለ።