አንጀት ቧንቧ ብቻ ቢሆን ኖሮ

የምንበላው ምግብ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። ታዲያ መንገዱ ቢያጥር የሚገባው ምግብስ አይቀንስም? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች ያሰቡት ይህንኑ ነው። ምህንድስና ለተማርን ሰዎች ሐሳቡ ወዲያው ይገባናል፦ ቧንቧውን አሳጥረው፣ አለቀ!

ቆይቶ በተስፋፋው አሠራር፣ ከስድስት ሜትር ገደማ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚያልፈው በ45 ሳንቲሜትር ያህሉ ብቻ ነበር። ቀሪው ተቆርጦ አይጣልም፤ ሆድ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሰዎቹ እውነትም ከሱ።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ተቅማጥ፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የኩላሊት ጠጠር። አንጀት የት፣ ኩላሊት የት? ነገሩ እንዲህ ነው፦ እንደ ቆስጣ ባሉ ምግቦች ውስጥ ያለውን ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ የሚያስወጣው ካልሲየም ነው። አሁን ግን ወደ ደም ሳይገባ የቀረው ቅባት ካልሲየሙን ያዘው። ኦክሳሌቱ ያዥ ሲያጣ ወደ ደም ገባ፣ በኩላሊት በኩል ሊወጣ ሲል ጠጠር ሠራ። የአንዳንዶቹ ጉበት ጨርሶ ደከመ፤ የሞቱም አሉ። ብዙዎች አንጀታቸው ወደነበረበት እንዲመለስ ዳግም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ክብደቱም አብሮ ተመለሰ።

የአዮዋው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ። በጨጓራ ቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የወጣላቸው ሰዎች ክብደት መጨመር ያቅታቸዋል። ስለዚህ በ1966 ጨጓራን ከፍሎ ምግቡን ትንሿ ክፍል ብቻ እንድትቀበል፣ እሷም በቀጥታ ከአንጀት ጋር እንድትገናኝ አደረገ። ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለው ይህ ነው፤ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል።

ለምን ሠራ? «ጨጓራ ስላነሰ» የሚለው መልስ ይበቃ ነበር፣ የስኳር በሽታ ባይኖር። በ1995 ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቹ እንዳሳወቁት፣ ባይፓስ ከተሠራላቸው 146 የስኳር ሕመምተኞች የ121ዱ የደም ስኳር ወደ ጤናማው ልክ ተመልሶ ቆየ። የብዙዎቹ ስኳር የወረደው ደግሞ በቀናት ውስጥ፣ ክብደታቸው ገና ብዙም ሳይቀንስ ነው። ቧንቧ እንዲህ አያደርግም! አንጀት ሆርሞንም ያመነጫል፤ ምግብ ቶሎ ወደ ታችኛው ክፍሉ ሲደርስ ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ኢንሱሊን እንዲመነጭ ይረዳል፣ ለአንጎልም «ጠግቤያለሁ» ይላል። ዛሬ በመርፌ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ የሚኮርጀው ይህንኑ ሆርሞን ነው።

ዋጋው ግን አልጠፋም። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። ጣፋጭ ሲበላ ሊያልበው፣ ልቡም በኃይል ሊመታ ይችላል።

ሚዛኑን ለማየት የስዊድኑን ጥናት እወደዋለሁ፤ ሰዎችን በአማካይ ለ11 ዓመት ያህል ስለተከታተለ። (አብዛኞቹ የተሠራላቸው ባይፓስ ሳይሆን ጨጓራን የሚያጠብ ቀዶ ሕክምና ነው።) በ2007 በወጣው ውጤት፣ ካልተሠራላቸው 2,037 ሰዎች 129 ሞተዋል፤ ከተሠራላቸው 2,010 ደግሞ 101። ልዩነቱ ትልቅ አይመስልም፤ ለእኔ ግን ክብደት መቀነስ ዕድሜን ሊያረዝም እንደሚችል ካሳዩት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ከ101ዱ ውስጥ አምስቱ የሞቱት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 90 ቀን ሳይሞላቸው ነው።